የአርሾ ድንጋይ፣ የኦክላንድ አመድ፦ የአቶ ሳህሌ ኃይለየሱስ ዜና ሕይወት

የአቶ ሳህሌ ቤተሰቦች፣ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ ከሳን ሆዜና ከሚልፒታስ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሳክራሜንቶ ድረስ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንዲሁም በመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሚስስ ሞሪታ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን የማነብላችሁ እኔ ተገኘ የሟች የአጎት ልጅ ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ጽሑፉ ቢንገዳገድ ታገሡኝ። በልማዳችን ዜና ሕይወት ሲነበብ መልካም መልካሙ ይነበባል፣ ሌላው ከሟች ጋር ይቀበራል። ጋሽ ሳህሌ ግን በሕይወት ሳሉ “ያቺን ቅዳሜ ከዘለልካት፣ ተገኘ፣ አልቀበርልህም” ብለውኛል። ስለዚህ እያፈርኩም ቢሆን አነባታለሁ።

አቶ ሳህሌ ከአባታቸው ከቄሰ ገበዝ ኃይለየሱስ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ በላይ በ1942 ዓ.ም. በዋግ አውራጃ አርሾ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቄሰ ገበዝ ስለነበሩ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ መጠበቅ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማስከደን፣ ግንቡ ሲላላ ማስጠገን የእሳቸው ድርሻ ነበርና፣ ልጃቸው ሳህሌ ያደጉት ከቤታቸው ይልቅ በአርሾ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ነው።

አርሾ ሚካኤል ክርስቲያኖች የሠሩት ቤት አይደለም። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተገጥሞ የቆመ፣ ጥፍር የማያስገባ ግንብ ያለው ጥንታዊ ቤት ሲሆን፣ ክርስትና ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ለፀሐይና ለጨረቃ ይሰገድበት እንደነበረ ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ይነግሩን ነበር። ወንጌልን ያመጡልን አባቶች መሠዊያውን ከውስጥ አውጥተው ታቦቱን አስገቡበት እንጂ ቤቱን አላፈረሱትም፣ በግንቡ ላይ ማንም የማያነበው የጥንት ጽሕፈት ያለባቸውን ድንጋዮችም አልፋቁአቸውም ይባላል። እኔም ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየተከተልኩ ዳስሻቸዋለሁ።

አንድ ክረምት የምሥራቁ ግንብ ተናደና ጽሕፈት ያለበት ሰፊ ድንጋይ ወደቀ። ግንበኛው ጠፍጣፋነቱን አይቶ ለደጀ ሰላሙ መርገጫ ሊያደርገው ሲጎትተው ቄሰ ገበዝ ኃይለየሱስ ደረሱበትና “የማናነበውን ፊደል አንረግጥም፤ ሰው ስሙን ጽፎበት ይሆናል” አሉት። ግንበኛው ስቆ “አባ፣ የአረመኔ ስም ለሚካኤል ምን ይረባዋል?” ቢላቸው፣ “ለሚካኤል ባይረባው ለባለቤቱ ይረባዋል” ብለው ድንጋዩን በቦታው፣ ፊደሉን ወደ ውጭ አድርገው አስገጠሙት። ይህን ታሪክ ጋሽ ሳህሌ እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ስንት ጊዜ እንደ ነገሩ የማያስታውስ የለም። እናንተም ልጆች ሆናችሁ ሰምታችሁታል፣ እኛም ከኋላ ተቀምጠን ሰምተነዋል። ለዚህ ነው የበለጠ የሚያሳፍረን።

አቶ ሳህሌ በሰቆጣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠሩና ጥርብ ከጥርብ ያለ ምስማር መግጠምን ተማሩ። በዚያው ዘመን ጌታን በወንጌላውያን ዘንድ አገኙ። አባታቸው ቅር ቢላቸውም “በሚካኤል ደጅ ያደገ ልጅ መንገዱን አይስትም” ብለው መረቁአቸው። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ከታሰሩ በኋላ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀረገወይንን ይዘው በእግር ሱዳን ገቡ። በገዳሪፍ አቅራቢያ በነበረው የስደተኞች ሰፈር የመጀመሪያ ልጃቸው ምሥጢር በኩፍኝ ዐረፈች። አባቷ የእርዳታ ሣጥን ፈትተው አንዷን ሣንቃ በጠርሙስ ስባሪ ልገው ስሟን ቀረጹባትና በራስጌዋ ተከሉላት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚመለሱበት መንገድ አልተገኘም። ያችን ሣንቃ ዝናብ ይጣላት፣ ሰው ያንድዳት፣ ሳያውቁ አረፉ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1985 ወደዚህ አገር መጥተው መጀመሪያ ኦክላንድ፣ በኋላም ሳን ሆዜ ኖሩ። ሪታየር እስካደረጉ ድረስም ሚልፒታስ በሚገኝ የካቢኔት ሥራ ቤት ሠሩ። ጌታ ሴት ልጃቸውን ጽናትንና ወንድ ልጃቸውን ናዖድን ሰጣቸው። ግብዣ ቤት ሲገቡ አስቀድመው የጠረጴዛውን እግር የሚነቀንቁ፣ መሳቢያውን ስበው ከሥር አጎንብሰው የሚያዩ ሰው እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወይዘሮ ሀረገወይንም “ሰው ቤት መጥተን ነው ኢንስፔክሽን?” እያሉ ኮታቸውን ይጎትቱአቸው ነበር። በናዖድ ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽራው ሲገባ አባትየው ከጠረጴዛ ሥር ነው የተገኙት።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትጀመር በአሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ እየተከራየን፣ “የምትበሉት ወጥ ምንጣፋችንን አሸተተው” እየተባልን ስንኖር ከቆየን በኋላ፣ ዛሬ የተቀመጥንበት ይህ ቤት ተገኘልን። ያን ጊዜ አቶ ሳህሌ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነበሩ። ይህንን ቤት የሠሩት ከጃፓን የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የቡድሃ ቤተ መቅደሳቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እነሱን እስከነልጆቻቸው ለቅሞ በበረሃ ሰፈር ሲያስገባቸው ዕቃቸውን በዚህ አዳራሽ ከምረው፣ መስኮቱን በሣንቃ መትተው ሄዱ። ከበረሃው ያልተመለሱም ነበሩ። የተመለሱት ቤቱን ከፍተው እንደገና ጸለዩበት። ልጆቻቸው ሲያድጉ ወደየከተማው ተበተኑ፣ ወላጆች አረጁ፣ ቤቱን መያዝ አቃታቸው። ያን ጊዜ ስለ ምዕመናኑ ሆነው ከእኛ ጋር የተነጋገሩት ሚስስ ሞሪታ ነበሩ። አንድ ነጋዴ አፍርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት ፈልጎ እያለ እሳቸው “ለእናንተ የምንሸጥላችሁ የሚጸለይበት ሆኖ እንዲቀር ነው” አሉን። ጽናት ስትተረጉምልን ሁላችንም “ሃሌ ሉያ” አልን።

ቁልፉን ሲያስረክቡን ያስቸገሩን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትልቁን ምስልና ደወሉን ወስደዋል፣ የኋላዋን ክፍል ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ የሃይማኖት አባታቸው መጥተው እስኪጸልዩባት እንዳንነካት ለመኑን። አቶ ሳህሌም እሺ ብለው፣ እጅ ጨብጠው ቃል ገቡ።

እኛ ግን ቅዳሜ ጾም ጸሎት ይዘን ነበር። ቤቱን በዘይት እየቀባን፣ እየዘመርን ስንዞር እዚያች ክፍል በር ላይ ስንደርስ አንዱ “ጨለማው ያለው እዚህ ነው” አለ። ሌላው “ቤቱ የእኛ፣ ቁልፉ የእኛ፣ ደግሞ ለሰይጣን ክፍል እናከራያለን እንዴ?” አለ። በሩ ተከፈተ። በመደርደሪያው ላይ ትናንሽ ጥቋቁር የእንጨት ቤቶች፣ በየውስጣቸውም በወርቅ ቀለም የተጻፈባቸው ቀጫጭን ሣንቃዎች ተደርድረው ነበር። አገር ቤት ጌታን የተቀበለ ሰው የጠንቋይ ቤት ዕቃውን፣ ጨሌውን አውጥቶ በአደባባይ ሲያቃጥል ያላየ በመካከላችን ስለሌለ፣ ሁላችንም ባንድ አፍ “የዛር ዕቃ ነው!” አልን። ዓይናችን ሁሉ ወደ ሰብሳቢያችን ዞረ። አቶ ሳህሌም “እሳት ይዳኘው” አሉ።

እሳቸው ራሳቸው የመጀመሪያዋን አንሥተው ገለበጡና ከሥር አዩአት። እንደ ልማዳቸው ነው። ምስማር የላትም፣ ጥርብ ከጥርብ የተገጠመች፣ ባለሙያ ሰው የለፋባት ሥራ ነበረች። እጃቸው አመነታ። አጠገባቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ። ኋላ ሲነግሩኝ “እጄ ምን እንደያዘ አውቆ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ጭብጨባውን ሰማ” አሉኝ። ሁሉንም አውጥተን ፓርኪንጉ ላይ በበርሜል አነደድነው፣ እየዘመርን። ጎረቤት ደውሎ ኖሮ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ መጣ። ሰውየው ምን እንደምናቃጥል ሲጠይቅ አቶ ሳህሌ “አሮጌ እንጨት ነው” አሉት። “ከእንግዲህ በርገር ካልጠበሳችሁ እሳት እንዳታነዱ” ብሎን ሄደ። ሳቅን።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሚስስ ሞሪታ ከሽማግሌዎቻቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር፣ ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ አበባና በሐር የተጠቀለለ ሣጥን ይዘው መጡ። ክፍሏ ባዶ ነበረች። አንድም ሰው አልጮኸብንም፤ ቢጮኹብን ይሻለን ነበር። ሚስስ ሞሪታ ጽናትን በቀስታ አናገሩአት። ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠና ወደ አባቷ ዞራ፣ “ዳድ፣ ጣዖት አይደለም። ስም ነው። የሞቱ ሰዎቻቸው ስም ነው። የእሳቸው አባት በረሃው ካምፕ ውስጥ ነው የሞቱት፣ ስማቸው እዚህ ነበር” አለቻቸው። ሚስስ ሞሪታ በርሜሉን አዩት። “አመዱን ብወስደው ይፈቀድልኛል?” ብለው ጠየቁን። እኛን ነው ፈቃድ የጠየቁት። ከዚያም ተንበርክከው የሐሩን ጨርቅ አነጠፉና በእጃቸው እየዘገኑ ማውጣት ጀመሩ። እኛ ከበን ቆምን፤ እግራችን አልተንቀሳቀሰም። አቶ ሳህሌ ብቻ ሄደው አጠገባቸው ተንበረከኩ፣ ሊዘግኑም እጃቸውን ሲሰዱ ሚስስ ሞሪታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ከለከሉአቸው። አቶ ሳህሌም አመዱ ተለቅሞ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ተንበረከኩ ቆዩ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአርሾውን ድንጋይ ታሪክ ለልጆች ነግረው አያውቁም።

በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ አቶ ሳህሌ ተነሥተው፣ ማኅበሩ በአደባባይ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ እሳቸውም በእድሳቱ ከአዳራሹ ከሚነሣው ከአሮጌው ወለል ላይ እንጨት ወስደው የስም ሣንቃዎቹን መልሰው እንዲሠሩ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ። ያን ጊዜ ወንድም አቤሴሎም፣ ዛሬ እዚህ አለህ፣ ይቅር በለኝ፣ “ጋሽ ሳህሌ፣ የፍልስጤማውያን ጣዖት ዳጎን ወድቆ አንገቱ ቢቆረጥ እርስዎ ሊቀጥሉለት ነው?” ብለህ አሳቅኸን። አቶ ሳህሌም “ልጄ፣ እኔ ዳጎንን አላየሁም። ያቃጠልነው የሰው አባት ነው” አሉ። ጉባኤው ይቅርታውን ሳይጠይቅ ቀረ። እሳቸው ግን ከሰብሳቢነታቸው ተነሡ፣ ከሽማግሌነትም ወረዱ። “አናጢው ጣዖት ይጠርባል” ተባለ። ከመድረክ ላይ ሳይቀር በምሳሌ ተነገረባቸው። አላኮረፉም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልቀየሩም። በየእሑዱ መጥተው በመጨረሻው ወንበር፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ከእኛ ብዙዎቻችን በዚያ በር ስንገባ ሰላምታችንን ወደ ሌላው ወገን እናደርግ ነበር። እኔ የሥጋ ዘመዳቸው እንኳ ከአዳራሹ መሐል ነበር የምቀመጠው።

አቶ ሳህሌ ወለሉ ሲነሣ የተጣለውን እንጨት ወደ ጋራዣቸው ወሰዱና “ሣንቃዎቹን ልሥራላችሁ” ብለው ለሚስስ ሞሪታ መልእክት ተዉላቸው፤ እሳቸው ግን ለብዙ ወራት ስልካቸውን አላነሡላቸውም። በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ኮል አድርገው “እንጨቱ አለ?” ብቻ አሏቸው። አቶ ሳህሌ ከሥራ ሲወጡ ጋራዣቸው ውስጥ ይልጋሉ፣ ያለ ምስማር ይገጥማሉ፤ ሚስስ ሞሪታና የተረፉት ሽማግሌዎቻቸው ደግሞ እየተጠያየቁ፣ የሞቱባቸውን ስም አንድ በአንድ እያስታወሱ ይጽፉባቸው ነበር። ሚስስ ሞሪታ የገዛ አባታቸውን ስም መጀመሪያ ጻፉ። ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው የታጣላቸውም ነበሩ። ለእነዚያም ቢሆን አቶ ሳህሌ ሣንቃ ከመሥራት አልተዉም። ባዶውን፣ ሳይጻፍበት፣ ከሌሎቹ እኩል አሳምረው ልገው ሰጡ። አልቆ ሲያበቃ በገዛ መኪናቸው ጭነው ሳን ሆዜ ወዳለው ወደ ሌላው የእምነት ቤታቸው አደረሱላቸው። እኛ ለሙታን አንሰግድም፤ እሳቸውም አልሰገዱም። በር ላይ አውርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ሚስስ ሞሪታ ብርቱካን በካርቶን እየላኩ፣ እሳቸውም የሚስስ ሞሪታን የተሰበረ አጥርና የሚንቋቋ በር እየጠገኑ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት አቶ ሳህሌ ሳንባቸውን ታመሙ። በሆስፒታል ሳሉ መጋቢያችን ሊጸልዩላቸው በሄዱ ጊዜ የጠየቁት ፈውስ አልነበረም። “ያን ይቅርታ ማኅበሩ ይጠይቅልኝ። እኔ ብቻዬን ጠይቄአለሁ፤ ያቃጠልነው ግን አብረን ነው” አሏቸው። እናስብበታለን ተባሉ። ስናስብበት ሳለ፣ ባለፈው ረቡዕ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ለሽማግሌዎች ባሳይ ስለ ቅዳሜው ያለውን እንድተወው በፍቅር መክረውኝ ነበር። “ለቅሶ ላይ አይነሣም፣ ተገኘ” አሉኝ። እኔም ልተወው ተቃርቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሚስስ ሞሪታ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው፣ በሐር የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የበር አስተናጋጆቻችን ፈተው ሲያዩት ሣንቃ ነው። “ማዘር፣ ይህ ወደ ውስጥ አይገባም፤ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት” አሉአቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ በቀስታ አኖሩትና ባዶ እጃቸውን ገብተው፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ ጋሽ ሳህሌ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ተቀመጡ።

ወጥቼ አየሁት። ከዚህ ቤት ወለል የተወሰደ፣ ጋሽ ሳህሌ ራሳቸው የላጉት፣ ከዚያን ጊዜ ሥራ የተረፈ እንጨት ነው። ላዩ ላይ በእኛ ፊደል “ሳህሌ ኃይለየሱስ” ተብሎ ተጽፎበታል። ሚስስ ሞሪታ ጽናትን በወረቀት አስጽፈው፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየተለማመዱ፣ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። አማርኛ አያነቡም። እኛ ማንበብ ያልቻልነውን አቃጠልን፤ እሳቸው ማንበብ የማይችሉትን ጻፉ። የቄሰ ገበዝ ኃይለየሱስን ቃል ከዋግ እስከዚህ ተሸክመን የመጣነው እኛ ነን፤ የፈጸሙት ግን እሳቸው ሆኑ።

አቶ ሳህሌ ኃይለየሱስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀረገወይንን፣ ልጆቻቸውን ጽናትንና ናዖድን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በቤተሰቡ ፈቃድ ስማቸው እዚህ እንዲነበብ የተደረገውን ወዳጃቸውን ሚስስ ሞሪታን ትተው ሄደዋል። በገዳሪፍ ያለችው ምሥጢርም አባቷን ቀድማ ሄዳ ትጠብቃቸዋለች ብለን እናምናለን።

አሁን አስከሬኑ ሊወጣ ነው። እንደ ልማዳችን የሟችን ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ከፊት ይቀድማል። ወይዘሮ ሀረገወይን ግን ዛሬ ከፊት የሚሄደው ስማቸው እንዲሆን፣ የሚይዙትም ሚስስ ሞሪታ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ናዖድ፣ ልጄ፣ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ሣንቃውን አንሣና ወደ ውስጥ አስገባው፤ ለሚስስ ሞሪታም በሁለት እጅህ ስጣቸው። እኛም ሁላችን እንነሣ፣ መንገዱንም እንልቀቅላቸው። ይቅርታውን በቃል ለመጠየቅ የዘገየን ሰዎች፣ ቢያንስ በእግራችን እንጠይቅ። ጽናት ይህን ለእሳቸው ተርጉሚላቸው።

አምላካችን ሆይ፣ ስምን ሁሉ የምታነብ አንተ ነህ፤ በድንጋይ የተጻፈውን፣ በእንጨት የተጻፈውን፣ በአመድ ውስጥ ያለውንም። የባሪያህን የሳህሌን ስም በሕይወት መዝገብህ አንብበው፤ እጁን ሰብስቦ ከተንበረከከበት ከዚያ ቦታም አንተ አንሥተህ በቀኝህ አሳርፈው። ለእኛም ለቀረነው ዓይናችን የማያነበውን የማንረግጥበትን ልብ ስጠን። አሜን።